ለጉንፋንና ለራስ ምታት ካርድ ይወጣል ወይስ ፋርማሲ ይበቃል? (ሐዋሳ)

የአቶቴ ጎረቤት

ሰላም የሐዋሳ ሰዎች። አንድ ክርክር ላምጣላችሁ።

እኛ ግቢ ብዙ ቤተሰብ ነን። በውሃውም በመብራቱም ተስማምተን እንኖራለን። በመድኃኒት ግን ሁለት ጎራ ነን። አንደኛው ጎራ ልጅ ባስነጠሰው ቁጥር ክሊኒክ ይሮጣል። ካርድ፣ ላብራቶሪ፣ ከዚያ መድኃኒት በፌስታል ተሸክሞ ይመለሳል። ሁለተኛው ጎራ ሐኪም ቤት የሚሄደው የታመመ ሰው ለመጠየቅ ብቻ ነው። ራስ ምታትም ይሁን ተቅማጥ፣ ወገብም ይሁን ጉሮሮ፣ መንገድ ይሻገርና ፋርማሲው መስኮት ላይ ቆሞ "ዶክተር፣ ለዚህ የሚሆን ስጠኝ" ይላል።

እኔ መሃል ላይ ነኝ። ለእያንዳንዱ ጉንፋን ካርድ ማውጣት ገንዘብም ጊዜም ይበላል። ሁሉን ነገር ከመስኮት መግዛት ደግሞ ይከብደኛል፤ በተለይ ለልጅ። እናንተ የትኛውን ዝም ብላችሁ ትገዛላችሁ? ለየትኛው ትመረመራላችሁ? "ሐኪም ያማክሩ" ብሎ የሚመልስልኝ እንዳይኖር፤ እሱን ቴሌቪዥኑም ይለኛል።

ባለባጃጅ

እህቴ እኔ ልንገርሽ። ጤና ጣቢያ ጠዋት ከሄድኩ ተሰልፌ፣ ካርድ አውጥቼ፣ ውጤት ጠብቄ የምወጣው ከሰዓት ነው። የቀኑን ገቢ ለባለንብረቱ ከኪሴ ልከፍል ነው ማለት ነው። ለአፍንጫ ፈሳሽ? አይደረግም። ፒያሳ ጋ ፓራሲታሞል ገዝቼ ሥራዬን እቀጥላለሁ።

ጋሼ ታቦር

ልጆቼ፣ ጉንፋን በእኛ ጊዜም መድኃኒት አልነበረውም፤ ዛሬም የለውም። ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ትኩስ ሾርባ፣ እንቅልፍ። ምች ሲመታን ዳማከሴ ታሽቶ ይሸተታል፣ ጭማቂው ከቡና ጋር ይጠጣል። ለአፍንጫ ፈሳሽ አምስት ዓይነት ክኒን መዋጥ የመጣው ትናንት ነው።

ከመስኮቱ ወዲያ

ይህን ርዕስ አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። "ዶክተር፣ ስጠኝ" የሚባለው ሰው እኔ ነኝ። ዶክተር አይደለሁም፤ ፋርማሲስት ነኝ። የምሠራው መናኸሪያ አካባቢ ነው።

መጀመሪያ ሕጉን ላስቀምጥ። መድኃኒት ያለ ማዘዣ የሚሸጥና በማዘዣ ብቻ የሚሸጥ ተብሎ ይለያል። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያለ ማዘዣ የሚሸጡትን በዝርዝር ያስቀምጣል። ፓራሲታሞል፣ ኦአርኤስ (ለተቅማጥ በውሃ የሚበጠበጠው ዱቄት)፣ ለቃር የሚወሰድ አንታሲድ እዚያ ውስጥ ናቸው። የሚዋጥ ወይም የሚወጋ አንቲባዮቲክ ግን የለበትም። አሞክሳሲሊን፣ ሲፕሮ፣ አዚትሮማይሲን ሁሉ በማዘዣ ነው የሚሸጡት። ሥራው ላይ ምን እንደሚደረግ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እኔ ጋ የተከለከለው ሰው ሁለት ሱቅ አልፎ ያገኘዋል።

ለእህታችን ጥያቄ ግን ከሕጉ ይልቅ ሌላ ነገር የሚጠቅማት ይመስለኛል። ሰው መስኮቱ ጋ ሲመጣ ሕመሙን አይነግረኝም፤ መድኃኒቱን ነው የሚያዘኝ። "አንድ ስትሪፕ ዳይክሎፌናክ።" "ቀይና ጥቁሩን ስጠኝ።" ቀለም ስም አይደለም ወገኖቼ። ፋብሪካው ሲቀየር ቀለሙም ይቀየራል። "ወገቤን ካመመኝ ሦስት ቀን ሆነኝ" ካላችሁኝ የማወራው አለኝ። "ዳይክሎፌናክ" ካላችሁኝ ግን እኔ ባለሱቅ ነኝ።

ለወገቡ ዳይክሎፌናክ የጠየቀኝን ሰው ሁልጊዜ ጨጓራህን ያምሃል ወይ እለዋለሁ። መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። "አዎ፣ ለእሱም የሚሆን ጨምርልኝ።" ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የጨጓራን ግድግዳ ያቆስላሉ። ደም ግፊት ከፍ ያደርጋሉ፤ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ደግሞ አይሆኑም። ነፍሰ ጡር ከሆነችም ያለ ሐኪም ትዕዛዝ አልሰጣትም። እሷ ፓራሲታሞል ይሻላታል።

ስለ ፓራሲታሞልም "ቀላል ነው" ብላችሁ አትናቁት። ለአዋቂ ባለ 500 ሚሊ ግራሙን በአንድ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ነው። ቢያንስ አራት ሰዓት ይጠበቃል። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ አይበልጥም፤ ያ ማለት 4 ግራም ነው። ከዚያ በላይ ጉበት ይጎዳል። ችግሩ የጉንፋን ተብለው የሚሸጡት ድብልቅ ክኒኖች አብዛኞቹ ውስጣቸው ፓራሲታሞል አለ። ሰውየው የጉንፋኑን ይውጣል፣ ራሱን ሲያመው ፓራሲታሞል ይጨምራል፣ ማታ ደግሞ ጎረቤት የሰጠችውን ሽሮፕ ይጠጣል። ሦስቱም አንድ መድኃኒት ናቸው። መጠጥ የሚያበዛ ሰው ከሆነ ደግሞ ከዚያም ያነሰ መጠን ሊጎዳው ይችላል።

ባለባጃጅ

@ከመስኮቱ ወዲያ እሺ ወንድሜ፣ ግን አንተም እኮ ጥያቄ ስታበዛ ከኋላ ያለው ሰው "ቶሎ በል" ይላል። እኔም ባጃጁን መንገድ ላይ አቁሜ ነው የምገዛው። ትራፊክ አለ።

ከመስኮቱ ወዲያ

ልክ ነህ። ስለዚህ ሳልጠይቅህ ንገረኝ። ለማን እንደሆነ፣ ዕድሜው፣ ስንት ቀን እንደሆነው፣ ሌላ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ። ለሕፃን ከሆነ ኪሎውን። ይህን ሁሉ ለመናገር ትራፊክ መብራት እስኪለቅ ያለው ጊዜ ይበቃሃል።

ሽፍት ቢ

ለእኛ ለኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች ጥያቄው ሌላ ነው። እኔ ጉንፋን ሲይዘኝ መድኃኒት ፈልጌ አይደለም የምሰለፈው። ወረቀት ነው የምፈልገው።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሕመም ፈቃድ አለን። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የቀሩት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። ግን ከሐኪም የተሰጠ ማስረጃ ይፈልጋል። ፋርማሲ ደረሰኝ ይሰጣል እንጂ የሕመም ፈቃድ አይሰጥም። በራስ ምታት አንድ ቀን ቤት ብተኛ የቀኑም ክፍያ ይቀራል፣ የወሩ የመገኘት ጉርሻም ይቀራል። ስለዚህ አንዳንዶቻችን ለወረቀቱ ስንል ተሰልፈን አምስት መድኃኒት ይዘን እንወጣለን። ሌሎቻችን ደግሞ ፓራሲታሞል ውጠን መስመር ላይ እንቆማለን፤ ከዚያ ጉንፋኑን ለጎን ሰው እናድላለን።

የአቶቴ ጎረቤት

ሽፍት ቢ፣ ይሄንን አስቤው አላውቅም ነበር። ጎረቤቴ ፓርክ ነው የምትሠራው። ለካ ክሊኒክ የምታበዛው ለዚህ ነው!

እንዲያው ለነገሩ

ሁላችሁም ማዘዣ ያለው መድኃኒት ትክክል፣ ማዘዣ የሌለው ስሕተት እያላችሁ ነው። እስቲ እውነት እናውራ። ትኩሳት ይዤ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። (የትኛው እንደሆነ ይቅር።) ደም ተወሰደ፤ "ታይፎይድም ታይፈስም አለብህ" ተባልኩ። የሥራ ባልደረባዬ በሌላ ወር ሄደ፤ ታይፎይድም ታይፈስም አለበት። ሚስቱም እንደዚያው። ሐዋሳ ውስጥ ታይፎይድና ታይፈስ ተለያይተው የሚሄዱበት ሰው አለ? ሁላችንም አንቲባዮቲክ ታዘዘልን። ማዘዣ ነበረን እኮ! ታዲያ ከመስኮት ከገዛው ሰው በምን ተሻልን?

ነርሷ

ይህን ጥያቄ ወደድኩት፤ እመልስልሃለሁ። ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው።

ለታይፎይድ የሚሠራው ዊዳል የሚባለው ምርመራ በደም ውስጥ ያለውን ፀረ እንግዳ አካል ነው የሚያየው። ከዚህ በፊት ታመህ ከነበረ ወይም ሌላ ተቀራራቢ ተህዋስ ነክቶህ ከነበረ ዛሬም "አለ" ሊል ይችላል። በአንድ ጊዜ ውጤት ብቻ ታይፎይድ ነው ማለት አይቻልም። የታይፈሱም ምርመራ ከዚህ የተሻለ አይደለም። ስለዚህ ቅሬታህ ተገቢ ነው፤ ማዘዣ ወረቀት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። "በምን እርግጠኛ ሆናችሁ?" ብሎ ሐኪሙን መጠየቅ መብትህ ነው።

ግን ትኩሳት ብለሃልና እዚህ ላይ ልቁም። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወባ በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በታች ነው የሚገኘው፤ እኛ ውስጡ ነን፣ ሐይቁም ረግረጉም አጠገባችን ነው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ደግሞ ዋናው ጊዜው ነው። አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ትኩሳትና ራስ ምታት ሲመጣ "ጉንፋን ይሆናል" ማለት ያስኬደው ይሆናል። እኛን አያስኬደንም። ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ያወርደዋል፤ ሰውየው ተሻለኝ ብሎ ይውላል፤ ወባው ግን ሥራውን አላቆመም።

ጣት ተወግቶ የሚሠራው ፈጣን ምርመራ ውጤቱ በ20 ደቂቃ ገደማ ይደርሳል። እባካችሁ ትኩሳት ካለ መጀመሪያ ጣታችሁን ተወጉ፤ መድኃኒቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። "ወባ ነው፣ አውቀዋለሁ" ብሎ ኮአርተም ከመስኮት የሚገዛም አለ። የወባ ዓይነቱ ራሱ ይለያያል። ፋልሲፓረም የሚባለው ቶሎ ሰው ይገድላል። ቫይቫክስ የሚባለው ደግሞ ጉበት ውስጥ ይደበቅና ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ያገረሻል። የተደበቀውን የሚያጠፋው ሌላ መድኃኒት ነው፤ ኮአርተም ብቻውን አይነካውም። ሰውየው ሲያገረሽበት "መድኃኒቱ ፎርጅድ ነው" ይላል።

እንዲያው ለነገሩ

ነርሷ፣ አመሰግናለሁ። እኔን ግን ወባ አልመረመሩኝም። ታይፎይዱ ላይ ነው የቸኮሉት።

ነርሷ

በሚቀጥለው ጊዜ ራስህ ጠይቅ። "ወባ ታየልኝ?" በል።

ሌስተር ያለሁ

ከእንግሊዝ ነው የምጽፈው፤ ያደግኩት ግን ሞቢል ሰፈር ነው። እዚህ አገር ነገሩ ተገልብጦ ነው ያለው፤ ምናልባት ለክርክሩ ይጠቅማል።

እዚህ ሐኪም ማየት ነፃ ነው። ስለዚህ ሰው ለፎረፎርም ለደረቅ ሳልም ሐኪም ጋ ይሄድና ያሳዝዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ለሐኪሞች መመሪያ አወጣ። ለ35 ቀላልና አጭር ጊዜ ለሚቆዩ ሕመሞች፣ ማለትም ለጉንፋን፣ ለሳል፣ ለቃር፣ ለራስ ቅማልና ለመሳሰሉት፣ ከፋርማሲ የሚገዛውን መድኃኒት በመደበኛነት አትዘዙ ነው የሚለው። የከረመ በሽታ ላለባቸውና ለሌሎች አንዳንድ ሰዎች ግን ልዩ ሁኔታ አለ። ምክንያቱ ገንዘብ ነው። ለምሳሌ በማዘዣ አንድ ዓይነት መድኃኒት ስትወስድ፣ ነፃ ከሚወጡት ካልሆንክ፣ በ2024 ታሪፍ 9 ፓውንድ ከ90 ትከፍላለህ። ያንኑ ፓራሲታሞል ሱፐርማርኬት ውስጥ ከአንድ ፓውንድ በታች ታገኘዋለህ።

ግን በልቅ አይደለም። ከ1998 ጀምሮ ሱፐርማርኬት ውስጥ አንድ ፓኬት ፓራሲታሞል ከ16 ፍሬ፣ ፋርማሲ ውስጥ ከ32 ፍሬ አይበልጥም። ሰዎች አብዝተው እየዋጡ ጉበታቸው ስለሚጎዳና ስለሚሞቱ ነው። አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ? ብትለምንም አይሸጥልህም። በጥር 2024 ደግሞ አዲስ አሠራር ተጀመረ። ፋርማሲስቱ ለሰባት ሕመሞች ራሱ ጠይቆ፣ አይቶ፣ አስፈላጊ ከሆነ አንቲባዮቲክ ጭምር መስጠት ይችላል። የጉሮሮ ሕመም፣ የልጆች ጆሮ ሕመም፣ የሳይነስ፣ የሴቶች ቀላል የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የመረቀዘ የነፍሳት ንክሻ፣ ኢምፔታይጎ የሚባለው የቆዳ ቁስልና አልማዝ ባለጭራ። ሐኪም ሳታይ። ግን ለብቻው ክፍል ገብተህ፣ በተጻፈ የጥያቄ ቅደም ተከተል ነው የሚያይህ።

ጋሼ ታቦር

አልማዝ ባለጭራን እነሱም ያውቋታል በለኛ።

ከመስኮቱ ወዲያ

ሌስተር ያለኸው ወንድሜ፣ ያ ለብቻው ያለው ክፍል ነው እኛ ጋ የጎደለው። እኔ ሴት ልጅን ስለ ሽንቷ ከኋላዋ ስድስት ሰው ተሰልፎ ልጠይቃት አልችልም። እሷም አትነግረኝም። "ለእህቴ ነው" ብላ የመድኃኒት ስም ትነግረኛለች።

የአቶቴ ጎረቤት

ወደ ልጆች እንመለስ። የእኔ ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው ጎረቤቶቼ ሁሉ "ቶንሲል ነው፣ አሞክሳሲሊን ስጪው" ይሉኛል። ግማሹ ደግሞ "ምንም አትስጪ" ይላል። ማንን ልስማ?

ነርሷ

ሁለቱንም አትስሚ። ይህ እኔ በጣም የምቆረቆርበት ነገር ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም በቫይረስ ነው የሚመጣው። ልጁ ጉሮሮውን እያመመው አፍንጫው የሚፈስስና የሚያስለው ከሆነ፣ ድምፁም ከተዘጋ፣ ብዙውን ጊዜ ቫይረስ ነው። አሞክሳሲሊን ምንም አያደርግለትም። ፓራሲታሞልና ትኩስ ነገር ይበቃዋል። ዕድሜው ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነ ማር ጥሩ ነው። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ማር በጭራሽ! ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። አያቶች ይቅር በሉኝ፤ አራስ ልጅ ምላስ ላይ ማር መቀባት ይቅር።

አሁን ሌላው ወገን። ሳል የለም፣ ትኩሳት አለ፣ አንገቱ ላይ ያለው ዕጢ አብጦ ሲነኩት ያመዋል፣ አፉን ሲከፍት ቶንሲሉ ላይ ነጭ ነገር ይታያል። ዕድሜው ደግሞ ከ5 እስከ 15 ባለው ውስጥ ነው። ይህ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላልና ይታይ። ምክንያቱም ይህ የጉሮሮ ባክቴሪያ በአግባቡ ካልታከመ፣ ጉሮሮው ከዳነ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ሰውነት በራሱ ላይ ተነስቶ መገጣጠሚያንና ልብን ሊያጠቃ ይችላል። የልብ ቫልቭ ሕመም ያለባቸውን ወጣቶች ሆስፒታል የሚያይ ሰው የነገሩን ክብደት ያውቀዋል። በአገራችን ብዙ ልጆች የልብ ቀዶ ጥገና ወረፋ የሚጠብቁት ከዚህ የተነሳ ነው።

እንግዲህ ከመስኮት "ስድስት ፍሬ አሞክሳሲሊን" የምትገዛ እናት ምን እያደረገች እንደሆነ ተመልከቱ። ቫይረስ ከሆነ በከንቱ ነው፤ ሰውነቱ ውስጥ ያሉ ሌሎች ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን እንዲለምዱ ብቻ ታደርጋለች። ያ አደገኛው ባክቴሪያ ከሆነ ደግሞ ስድስት ፍሬ አይበቃም። በክኒን የሚሰጥ ከሆነ 10 ቀን ነው፤ ወይም አንድ ጊዜ የሚወጋ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን አለ። ልጁ በሦስተኛው ቀን ይሻለዋል፤ እናት መድኃኒቱን ታቆማለች፤ ሁሉም ደስ ይለዋል፤ ባክቴሪያው ግን ላይጠፋ ይችላል። ለዚህ ነው "ለጉሮሮ ግማሽ መድኃኒት" ከምንም መድኃኒት አይሻልም የምለው።

እንጥል የሚያስቆርጡና ቶንሲል የሚያስቧጥጡማ... እሱን ሌላ ክር ክፈቱለት፤ እመጣለሁ።

የአቶቴ ጎረቤት

ነርሷዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሳልስ? መቼ ነው የምደነግጠው?

ነርሷ

ትንፋሹን ቁጠሪ። ልጁ ሳያለቅስ፣ ሳይጠባ፣ ልብሱን ገለጥ አድርገሽ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ በስልክሽ ሰዓት። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለው 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል ወደ ጤና ጣቢያ። ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ደግሞ አትቁጠሪ፤ ሂጂ። አልጠባም፣ አልጠጣም ካለ፣ ሁሉን ነገር የሚያስመልሰው ከሆነ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከደነዘዘ እንደዚሁ። ከሁለት ወር በታች ያለ ሕፃን ትኩሳት ከያዘው በቀጥታ ወደ ሐኪም ነው፤ ለእሱ ቀላል ሕመም የሚባል ነገር የለም።

ለትንንሾች የሳልና የጉንፋን ሽሮፕ አትግዢ። እንቅልፍ ያስይዛቸዋል፣ ሳሉን ግን አያድነውም።

ለአዋቂ ደግሞ አንድ ነገር። ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው የሳል ሽሮፕ መግዛት ይብቃ። አክታ ይመርመር። የቲቢ ምርመራና ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው። ስንት ሰው ጠርሙስ በጠርሙስ ሽሮፕ ሲገዛ ከርሞ በመጨረሻ ነው የሚመጣው፤ እስከዚያው ቤተሰቡን ሁሉ ያዳርሳል።

ባለባጃጅ

ተቅማጥስ? እኛ ሜትሮኒዳዞል ነው የምንገዛው። "አሜባ ነው" እየተባለ።

ከመስኮቱ ወዲያ

እኔ ልመልስ፤ ነርሷ ትረፍ።

ተቅማጥ ሁሉ አሜባ አይደለም። የሕፃናት ተቅማጥ አብዛኛው በቫይረስ ነው፤ ሜትሮኒዳዞል አይነካውም። ሰው የሚሞተው ደግሞ ከሰውነቱ ውሃና ጨው ሲያልቅ ነው። ስለዚህ ዋናው መድኃኒት ኦአርኤስ ነው። የእኛ እናቶች "ለምለም" የሚሉት። ያለ ማዘዣ ይሸጣል፣ ርካሽ ነው፣ ግን ሰው ይንቀዋል። "ዱቄት ብቻ ነው የሰጠኝ" ብሎ የሚቆጣኝ አለ።

የአንድ ሊትሩን ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ። በብርጭቆ ውሃ ላይ ሙሉውን ከረጢት መገልበጥ አደገኛ ነው፤ ጨው ይበዛል። ስኳርም አትጨምሩበት። የተበጠበጠው 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋ። ለልጅ ከእሱ ጋር ዚንክ አለ፤ ከ6 ወር በላይ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በታች 10፣ ለ10 ቀን። ተቅማጡ በሁለተኛው ቀን ቢቆምም ዚንኩ ይቀጥላል። ጡትም ምግብም አይቋረጥ።

ደም ካለበት፣ ወይም እንደ ሩዝ ውሃ ሆኖ ካለማቋረጥ የሚወርድ ከሆነ፣ ፋርማሲ አትምጡ። ኦአርኤሱን እየጠጣችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ተቅማጥ የሚያቆም ሎፔራማይድ የሚባለውን ደግሞ ለልጅ አትጠይቁኝ፤ አልሰጥም።

የቱላው

ጥሩ ውይይት ነው። እኔ የምጨምረው አለኝ፤ እናንተ ሁላችሁም አማርኛ አንባቢ ስለሆናችሁ ላታዩት ትችላላችሁ።

እናቴ ሲዳምኛ ብቻ ነው የምትናገረው። ከቱላ ወርዳ መድኃኒት ስትገዛ የሚነገራት በአማርኛ ነው፤ ማሸጊያው ላይ ያለው ደግሞ በእንግሊዝኛ። አንድ ጊዜ "በየስምንት ሰዓቱ" ተባለች። እሷ የተረዳችው ስምንት ሰዓት ሲሆን ነው፤ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓትና ሌሊት ስምንት ሰዓት። ሌሊት ለመድኃኒት ትነሳለች፣ ጠዋት ግን አትወስድም። እሷ ብቻ አይደለችም፤ አማርኛ የሚችሉትም ይሳሳታሉ። "ጠዋት ቁርስ ላይ፣ ከሰዓት፣ ማታ ስትተኚ" ቢባል ምን ነበረበት?

ሌላው ቀኑ ነው። ማብቂያው በፈረንጆች ነው የሚጻፈው። አጎቴ "2026" የሚል አይቶ "እኛ ገና 2018 ነን፣ ስምንት ዓመት ይቆያል" ብሎ ቆጥቦ አስቀምጦት ነበር።

ጋሼ ታቦር

😂 አጎትህ ቆጣቢ ሰው ናቸው። ግን እውነቱን ነው ልጁ፤ እኔም ይህን ስንት ሰው ሲሳሳት አይቻለሁ። የወሩም ጭምር ነው። 03 ሲል ኅዳር የሚመስለው አለ፤ ማርች ነው፤ መጋቢት ገደማ።

ከመስኮቱ ወዲያ

የቱላው ወንድሜ፣ ትልቅ ነገር ነው ያነሳኸው። እኛ ጋ ሲዳምኛ የምትናገር ባልደረባ አለች፤ እሷ ባለችበት ቀን እናቶች ጥያቄ ይጠይቃሉ። በሌለችበት ቀን "እሺ" ብለው ይሄዳሉ። ማሸጊያው ላይ ፀሐይና ጨረቃ እየሣልኩ እሰጣለሁ፤ ግማሽ መፍትሔ ነው። እናትህ ስትመጣ ተደጋግሞ ካልገባት አትውጣ። እኔን ማስቸገር መብቷ ነው።

ማንኪያም እንደዚያው። "አንድ ማንኪያ" ስንል ሽሮፑ ላይ ያለው መለኪያ 5 ሚሊ ሊትር ነው። የቤት ማንኪያ አንዱ ከአንዱ ይለያያል። መለኪያው ከጠፋባችሁ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ግዙ።

ሽፍት ቢ

የቆዳ ክሬምስ? ሴቶቹ ጋ ፊት የሚያቀላ እየተባለ የሚዞር አለ። ጭርትም ላይ ያንኑ ነው የሚቀቡት።

ከመስኮቱ ወዲያ

እሱ ብዙ ጊዜ ውስጡ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል ነው፤ ሁለቱም ጠንካራ ስቴሮይድ (እብጠትና ማሳከክ የሚያበርድ፣ ሆርሞን መሰል መድኃኒት) ናቸው። ፊት ላይ ሲቆይ ቆዳውን ያሳሳል፣ ብጉር ያወጣል፣ ሲያቆሙት ፊት ደም ይመስላል፣ ያቃጥላል። ጭርት ደግሞ ፈንገስ ነው። ስቴሮይድ ሲቀባ ማሳከኩ ይቆምና ሰው ዳንኩ ይላል፤ ፈንገሱ ግን ከሥር እየሰፋ ይሄዳል። ለጭርት የፈንገስ ቅባት ነው የሚያስፈልገው። እንደ ክሎትሪማዞል ያለ፤ ምልክቱ ከጠፋ በኋላም ጥቂት ሳምንት ይቀባል።

ለመወፈር ተብሎ ዴክሳሜታዞን የሚባለውን የሚዋጥ ስቴሮይድ የሚጠይቁኝም አሉ። አልሸጥም። ውፍረቱ ፊትና ሆድ ላይ የሚጠራቀም ውሃና ስብ ነው፤ ስኳርና ደም ግፊት ያመጣል፣ በድንገት ሲቋረጥ ደግሞ ሌላ አደጋ አለው።

እንዲያው ለነገሩ

ታዲያ አንተ ጋ ያልተሸጠው ሁለት ሱቅ አልፎ ይገኛል ካልክ ምን ዋጋ አለው?

ከመስኮቱ ወዲያ

ቢያንስ ያ ሰው ለምን እንደከለከልኩት ሰምቶ ነው የሚሄደው። አንዳንዱ ተመልሶ ይመጣል። ሁሉም አይደለም። ባለቤቱም ገበያ ስለምመልስ ይቆጣኛል፤ ይህንንም እወቁልን። ለሸጠው ፋርማሲስት እንጂ ለከለከለው ፋርማሲስት ማን ይከፍለዋል?

ነርሷ

ይህን ያልከው ደስ ብሎኛል። እኛም ጤና ጣቢያ ውስጥ "ቫይረስ ነው፣ መድኃኒት አያስፈልገውም" ስንል ሰው "ታዲያ ካርድ ያወጣሁት ለምንድን ነው?" ይለናል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያለው ይሻላል፤ ጤና ጣቢያው ጋ ለካርድም ለምርመራም ስለማይከፍል ባዶ እጁን ቢወጣ አይቆጣም። እህታችን፣ መድኑ ካለሽ ተጠቀሚበት። አንቺ ዘንድ ጥያቄው ገንዘብ ሳይሆን ወረፋ ብቻ ነው የሚሆነው።

የአቶቴ ጎረቤት

አለኝ፤ ዘንድሮ አሳድሼዋለሁ። እንግዲህ ትኩሳት ካለ ጣት ማስወጋት፣ ትንፋሽ መቁጠር፣ ኦአርኤስና ፓራሲታሞል ቤት ማስቀመጥ። ሌላውን እየጠየቅኩ።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ፍሪጅ ውስጥ ልጄ ሳይጨርሰው የቀረ የተበጠበጠ አሞክሳሲሊን ሽሮፕ አለ። ለታናሹ ይሆናል? የዓይን ቅባትም አለ፤ ቴትራሳይክሊን፣ ከተከፈተ ቆይቷል።

ከመስኮቱ ወዲያ

ሽሮፑ አይሆንም። ዱቄቱ አንዴ ከተበጠበጠ የሚቆየው እንደ ማሸጊያው 7 ወይም 14 ቀን ነው፤ ጠርሙሱ ላይ ያለው የማብቂያ ቀን ለደረቁ ዱቄት ብቻ ነው። የታናሹም ኪሎ ሌላ ነው። የዓይን ቅባቱም ከተከፈተ አራት ሳምንት ካለፈው ይጣል፤ የአንዱን ሰው ቅባት ለሌላው አትቀቢ። ሁለቱንም ይዘሽ ብትመጪ እኛ እናስወግዳቸዋለን። ስትመጪ የታናሹን ኪሎ ይዘሽ ነይ፤ የፓራሲታሞሉን ልክ ጽፌ እሰጥሻለሁ።